ትልቅ ቁጥርን በወረቀትና በእስክሪብቶ እንዴት መበተን ይቻላል

8,199,828ን እንውሰድ። ሲያዩት ጭምት ቁጥር ነው፤ ስለ ራሱ ምንም አይናገርም። ወደ ብቸኛ ቁጥሮች ስትበትኑት ግን ጠባዩ ሁሉ ይወጣል። ብቸኛ ቁጥር ማለት ከ1 የሚበልጥ ሆኖ ከ1 እና ከራሱ በቀር አካፋይ የሌለው ነው፦ 2፣ 3፣ 5፣ 7፣ 11 እያለ ይቀጥላል። ካልኩሌተሩን ለጊዜው አስቀምጡት።

ከቀላሉ ጀምሩ። መጨረሻው 28 ነው። 28 ለ4 ስለሚካፈል ቁጥሩም ለ4 ይካፈላል፤ ድርሻው 2,049,957። ኢ-ተጋማሽ ስለሆነ በ2 ጨርሰናል። አሁን አሃዞቹን ደምሩ፦ 36። ይህ ለ9 ስለሚካፈል ቁጥሩም ይካፈላል፤ ድርሻው 227,773። የዚህ አሃዞች ድምር 28 ነው፣ ለ3 አይሆንም። መጨረሻው 3 ነውና 5ም የለበትም።

ቀጣዩን ዘዴ በጣም ነው የምወደው። 7 × 11 × 13 ስታባዙ ልክ 1,001 ይመጣል። ከ227,773 ላይ 227 ጊዜ 1,001ን፣ ማለትም 227,227ን ቀንሱ። 546 ይቀራል። አቋራጩ 773 − 227 ብቻ ነው! የቀነሳችሁት ለሦስቱም የሚካፈል ስለሆነ፣ ትልቁን ትታችሁ ትንሹን 546 መፈተን ይበቃል። ለ7 ይካፈላል፣ ለ13ም ይካፈላል፣ ለ11 ግን እምቢ ይላል። አንድ ቅነሳ፣ ሦስት መልስ። 227,773ን ለ7፣ ከዚያ ለ13 አካፍሉ፤ 2,503 ይቀራችኋል።

ብዙ ሰው እዚህ ጋ ይሰለቻል። «ብቸኛ ይመስላል» ብሎ ይተወዋል። እባካችሁ አትተዉት። ፒየር ደ ፌርማን የሚያህል የሒሳብ ሊቅ 4,294,967,297 ብቸኛ ነው ብሎ ያምን ነበር፤ ሌላው የሒሳብ ሊቅ ሊዮናርድ ኦይለር በ1732 እ.ኤ.አ. ለ641 እንደሚካፈል አሳየ። ደግነቱ ለ2,503 ብዙ መድከም የለም። ሁለቱም ከ50 የሚበልጡ ቁጥሮች ቢባዙ ቢያንስ 51 × 51 = 2,601 ይሆናሉ፤ ያ ደግሞ አልፎታል። ስለዚህ አካፋይ ካለው አንዱ ከ50 አይበልጥም። 7ን እና 13ን ድገሙ፣ ከዚያ ከ17 እስከ 47 ያሉትን ዘጠኝ ብቸኛ ቁጥሮች ሞክሩ። በ41 ስትሞክሩ 2 ይቀራል፣ በ47 ደግሞ 12። አንዱም አይገባም። ብቸኛ ነው።

እንግዲህ፦ 8,199,828 = 2 × 2 × 3 × 3 × 7 × 13 × 2,503።

አካፋዮቹ ስንት ናቸው? እያንዳንዱ ብቸኛ ቁጥር ስንቴ እንደመጣ ቆጥሩ፣ አንድ ጨምሩበት፣ አባዙ፦ 3 × 3 × 2 × 2 × 2 = 72። አንዱን በአንዱ ሳትፈልጉ 72 አካፋዮች እንዳሉት አወቃችሁ። 7 አንዴ ብቻ ስለመጣ የማንም ሙሉ ቁጥር ካሬ አይደለም። ለ84 ይካፈላል? 84 ማለት 2 × 2 × 3 × 7 ነው፤ ሁሉም አለ፣ ይካፈላል። ለ8 ግን ሦስት 2 ያስፈልግ ነበር፤ ያለን ሁለት ነው።