ቦብ፣ ካሮል፣ ቴድና አሊስን ስታዩ እንዲህ አትሳሳቱ

እኔ ይሄን የሁለት ጓደኛሞች ጥንዶች ፊልም (ቦብና ካሮል፣ ቴድና አሊስ) መጀመሪያ ያየሁት ፖስተሩ አታሎኝ ነው። አራት ሰው አንድ አልጋ ላይ ተደርድሯል፣ በቃ ገባኝ ብዬ አልጋዋ እስክትመጣ ስልኬን ስነካካ ቆየሁ። ትልቁ ስህተት ይሄ ነው። አልጋዋ የምትመጣው መጨረሻ ላይ ላስ ቬጋስ ሆቴል ውስጥ ነው፣ ያውም ተሳስመው ተሳስመው ምንም ሳይሆን ይቀራል (ስፖይለር እንዳትሉኝ፣ ፊልሙ እ.ኤ.አ. የ1969 ነው)።

ሌላው ደግሞ መፈረጅ ነው። አንዱ "የልቅነት ፊልም ነው" ይላል፣ ሌላው "ትዳር ይከበር እያለ ነው" ይላል፣ ሁለቱም አይደለም። ዳይሬክተሩ ፖል ማዙርስኪ ራሱ ከሚስቱ ጋር ካሊፎርኒያ ኤሰለን የሚባለው ቦታ ሄዶ፣ ሰው ተሰብስቦ እያለቀሰ እየተቃቀፈ ስሜቱን የሚያወጣበትን ነገር ቀምሶት ነው ከላሪ ታከር ጋር የጻፈው። ቦብና ካሮልም ፊልሙ ሲጀምር እንዲህ ያለ ስልጠና ላይ ናቸው፣ ስለዚህ ይስቅባቸዋል እንጂ አይንቃቸውም።

ቦብን የሐቀኝነት ጀግና ማድረግም አለ። ሰውዬው ሳን ፍራንሲስኮ ከሌላ ሴት ጋር መተኛቱን ለካሮል (ናታሊ ውድ) ይነግራታል፣ እሷ ስለነገርከኝ ደስ ብሎኛል ስትለው ግራ የሚገባው እሱ ነው፣ እንዴት አልተናደድሽም አይነት። ቆይቶ ሳይጠበቅ ቤቱ ከች ሲል ግን የካሮል የቴኒስ አሰልጣኝ መኝታ ቤታቸው ውስጥ ነው። እዚህ ጋ ቦብን የሚጫወተውን የሮበርት ከልፕን ፊት ብቻ እዩልኝ። ይጦፋል፣ ያዙኝ ልቀቁኝ ይላል፣ ከዛ ያ ሁሉ የሰበከው የግልጽነት ፍልስፍና ትዝ ይለውና ለሰውዬው መጠጥ ይቀዳለታል። ጉድ እኮ ነው፣ በራሱ ስብከት ተጠፍሮ እንግዳ ማስተናገድ።

ከሁሉ የሚያናድደኝ ግን የቴድና የአሊስን የመኝታ ቤት ሲን "ተንዛዛ" ብሎ የሚያሳልፍ ሰው ነው። የጓደኞቻቸውን ጉድ ሰምተው ቤት ይገባሉ፣ አሊስ ወሬው ራሱ አሟታል፣ ቴድን ደግሞ ጭራሽ አነሳስቶታል፣ ይለምናል ይከራከራል ያኮርፋል፣ እሷ ምንም ሳይሰማኝ ዝም ብዬ ልተኛልህ ነው የምትለው ስትለው ደግሞ አዎ ይላል! ትስቃላችሁ፣ ከዛ ሳቁ ጉሮሯችሁ ላይ ይቀራል፣ ምክንያቱም ይሄ ጭቅጭቅ የአሜሪካ ብቻ አይደለም። መንዛዛቱ ራሱ ነው ቀልዱ። ቴድንና አሊስን የሚጫወቱት ኤሊየት ጉልድና ዳያን ካነን ሁለቱም በዚህ ፊልም በረዳት ተዋናይነት ለኦስካር ታጭተዋል።

በዛሬ አይን መመዘንም ልክ አይደለም። የሆሊዉድ የድሮው የሳንሱር ደንብ ቀርቶ በእድሜ ደረጃ የተተካው በ1968 ነው፣ አንድ አመት ብቻ ቀደም ብሎ፣ ስለዚህ አሁን ለዘብ ያለ የሚመስለን ወሬ ያኔ ትኩስ ነበር።

በመጨረሻ፣ ከአልጋው ሲነሱ አለቀ ብላችሁ አትዝጉት። ለባብሰው ይወጣሉ፣ የጃኪ ዴሻነን ዘፈን ይገባል፣ ደጅ ላይ አይነት አይነት ጥንድ እየተላለፈ ሰው የማያውቀውን ሰው አይን አይኑን ዝም ብሎ ያያል፣ ልክ መጀመሪያ ላይ ቦብና ካሮል ስልጠናው ጋ እንዳደረጉት። እኔ ያኔ ላፕቶፑን ዘግቼው ነበር።