የዓሣ ማደንዘዣ ሲያወዳድሩ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ለምርምር ዓሣ የሚመዝን ወይም ደም የሚቀዳ ሰው “የትኛው ማደንዘዣ ይሻላል?” ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ብዙ ጊዜ ችግሩ ግን መድኃኒቱ ሳይሆን አወዳደሩ ነው።

አንዱ ስህተት እኩል መጠን ሰጥቶ ማወዳደር ነው። በሊትር 50 ሚሊግራም ኤምኤስ-222 (ትሪኬይን የሚባለው የዓሣ ማደንዘዣ ዱቄት) እና 50 ሚሊግራም የቅርንፉድ ዘይት አንድ አይደሉም፤ ዘይቱ አብዛኛውን ጊዜ ባነሰ መጠን ይሠራል። እኩል መሆን ያለበት የድንዛዜው ጥልቀት ነው። ዓሣው ሚዛኑን ስቷል? ጅራቱን ሲቆነጥጡት ዝም ይላል? የስንጥቡ ክዳንስ አሁንም ይከፈታል፣ ይዘጋል?

ሁለተኛው ኤምኤስ-222ን ብቻውን ውኃ ውስጥ መጨመር ነው። ይሄ በእውነት ያናድዳል፤ መፍትሔው ርካሽ ነዋ! ዱቄቱ ሲሟሟ ውኃውን አሲድ ያደርገዋል፣ በተለይ ማዕድን ያነሰው ውኃ ከሆነ። ያኔ ዓሣው የሚንፈራገጠው ከመድኃኒቱ ይሁን ከአሲዱ አይለይም። ለአንድ እጅ መድኃኒት በክብደት ሁለት እጅ ሶዲየም ባይካርቦኔት መጨመር የተለመደ ነው። ከዚያ ፒኤቹን (የውኃውን የአሲድነት መጠን) ለክቶ ከመኖሪያ ገንዳው ጋር ማስተያየት ነው።

የቅርንፉድ ዘይትንም በቀጥታ ውኃ ላይ ማፍሰስ አያዋጣም፣ ከውኃው ጋር በደንብ አይቀላቀልም። በቅድሚያ በኤታኖል ይሟሟል። እንግዲያውስ ኤታኖል ብቻ የተሰጠው ቡድንም ለማነጻጸሪያ ያስፈልጋል። ይሄን የሚዘነጋው ብዙ ነው።

ፍጥነትን ብቻ ማየትም ያሳስታል። ቶሎ ያደነዘዘው ሁሉ ቶሎ አይለቅም፤ የቅርንፉድ ዘይት ከኤምኤስ-222 ዘግይቶ ሊለቅ ይችላል። ስለዚህ ዓሣው መዋኘት እስኪጀምር ያለው ጊዜም ይመዝገብ።

ጭንቀትን በኮርቲሶል (በጭንቀት ጊዜ በሚጨምር ሆርሞን) የሚለካ ደግሞ ሜቶሚዴት ከሚባለው ሌላ ማደንዘዣ ይጠንቀቅ። መድኃኒቱ ራሱ ሰውነት ኮርቲሶል እንዳያመርት ያግዳል። ቁጥሩ ዝቅ ቢል ዓሣው ተረጋግቷል ማለት አይደለም። ወጥመዱ እዚህ ላይ ነው፤ ሠንጠረዡ ላይ ሜቶሚዴት ሁሌ አሸናፊ ይመስላል።

የውኃው ሙቀት፣ የዓሣው መጠንና የአየር አቅርቦቱም በሁሉም ባልዲ አንድ ይሁን። ሙቀት ሲጨምር ድንዛዜው ይፈጥናል።

“ቅርንፉድ ቅመም ነው፣ ምን ያደርጋል?” የሚሉም አሉ። ዓሣው በኋላ ሰው የሚበላው ከሆነ የአገሩን ሕግ ቀድሞ ማየት ይሻላል። ለምሳሌ በአሜሪካ ኤምኤስ-222 የተሰጠው ዓሣ ለምግብ ከመዋሉ በፊት 21 ቀን መቆየት አለበት። የቅርንፉድ ዘይት ደግሞ እዚያ ለዓሣ ማደንዘዣነት አልተፈቀደም።