ድጎማው ሲቆም፦ የጎጃም የባዮጋዝና የምድጃ ሠራተኞች ቀድመው ሊይዙት የሚገባ

የአሜሪካ መንግሥት ጥር 12 ቀን 2017 ዓ.ም. የውጭ እርዳታን ለ90 ቀን አገደ፤ ሰኔ 24 ደግሞ የአገሪቱ የእርዳታ ድርጅት ዩኤስኤይድ ሥራውን አቆመ። ከ2005 ዓ.ም. ጀምሮ የነበረው የአሜሪካ የኤሌክትሪክ ኃይል ፕሮግራም፣ ፓወር አፍሪካም አብሮ ቀረ። የጎጃም ባዮጋዝ (ከእበት የሚወጣ የማብሰያ ጋዝ) እና ምርጥ ምድጃ (እንጨት የሚቆጥብ የሲሚንቶ እንጀራ መጋገሪያ) በሌሎች ለጋሾችና በመንግሥት በጀትም ስለተሠራ ነገሩ የአንድ አገር ገንዘብ ብቻ አይደለም። የማንም ድጎማ ይቁም፣ ቀድሞ የሚቀረው ግንባታው ሳይሆን ክትትሉ ነው፤ የባለሙያው አበልና የሞተር ሳይክሉ ቤንዚን። ስለዚህ መዘጋጀት ያለባችሁ የስንብት ደብዳቤው ሲደርስ ሳይሆን ክፍያ መዘግየት ሲጀምር ነው።

ሠራተኛው

የቅጥር ውላችሁን፣ የመጨረሻውን የደመወዝ መክፈያና የጡረታ መዋጮ ማስረጃችሁን ቅጂ ቤታችሁ አኑሩ። ለጡረታ ከእናንተ 7፣ ከአሠሪው 11 በመቶ መግባት አለበት፤ ችግር ላይ ያለ ድርጅት ብዙ ጊዜ ሳያስገባ የሚያሳድረው ይህንን ነው።

በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ድርጅቱ ለዘለቄታው ሲዘጋ ወይም ሠራተኛ ሲቀንስ የሥራ ስንብት ክፍያ አለ። አማካይ የቀን ደመወዛችሁ 400 ብር፣ አገልግሎታችሁ 3 ዓመት ቢሆን፣ ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን 12,000 ብር፤ ለቀጣዮቹ ሁለት ዓመታት የዚሁ ሲሶ እየታሰበ 8,000 ብር ነው። በመዘጋት ወይም በቅነሳ ከሆነ ደግሞ የ60 ቀን 24,000 ብር ይጨመራል፤ በድምሩ 44,000። «በስምምነት ተለያይተናል» የሚል ወረቀት ላይ ሳታነቡ አትፈርሙ፤ ጭማሪውን የሚያሳጣው እሱ ነው። ክፍያውን ለመጠየቅ ያላችሁ ጊዜ 6 ወር ብቻ ስለሆነ «ገንዘብ ሲመጣ እንከፍላለን» እየተባላችሁ አትክረሙ። ውላችሁ ለአንድ ፕሮጀክት ተብሎ የተጻፈ ከሆነ ስሌቱ ሊለይ ስለሚችል የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይን ለሚከታተለው የወረዳው ጽሕፈት ቤት አሳዩት።

የምድጃ አምራች ማኅበር

በመጀመሪያ ምድጃው የሚሠራበት የቅርጽ ማውጫ የማን እንደሆነ አጣሩ። በፕሮጀክቱ ንብረት መዝገብ ላይ ካለ፣ ቢሮው ሳይዘጋ በርክክብ ሰነድ በማኅበሩ ስም እንዲዛወር ጠይቁ። ከተዘጋ በኋላ የሚፈርም ሰው አይገኝም።

ዋጋችሁንም እንደገና አስሉ። ሳምንት ሙሉ ከአንድ ኩንታል ሲሚንቶ ስንት ምድጃ እንደወጣ ቁጠሩ፤ የአሸዋውን፣ የጋሪውንና የሰበራውን ወጪ ጨምሩበት። የሲሚንቶውን ብር ለብቻው አስቀምጡ። ተቆጣጣሪ ሲጠፋ ቀድሞ የሚቀነሰው ሲሚንቶ ነው፤ ቀጥሎ ውኃ ማጠጣቱ። ከቅርጹ የወጣው ክፍል ቢያንስ 7 ቀን ጥላ ውስጥ በእርጥብ ጆንያ ተሸፍኖ ካልከረመ የመጀመሪያው እሳት ይሰነጥቀዋል። አንድ የተሰነጠቀ ምድጃ የቀበሌውን ገበያ ይዘጋል፤ ሴቶቹ ወደ ጉልቻ ይመለሳሉ።

የባዮጋዝ ማብላያ

አዲስ መገንባት ቢቆምም የተሠራው እንዲሠራ ማድረግ ይቻላል። በእኛ እይታ የቀረው ጥቂት ገንዘብ መዋል ያለበት እዚህ ነው። ባለ 6 ሜትር ኩብ ማብላያ (እበቱ ከውኃ ጋር ሆኖ ጋዝ የሚሰጥበት ጉድጓድ) በቀን 45 ኪሎ ያህል እበትና የዚያኑ ያህል ውኃ ይፈልጋል። በበጋ ውኃ ሲርቅ ሰው እበቱን አወፍሮ ይጨምራል፤ ላዩ ጋግሮ ጋዙን ያፍነዋል። በጮቄ ተራራ ግርጌ ባሉ ደጋ ቀበሌዎች ደግሞ ብርዱ ጋዙን ስለሚያሳንሰው «ተበላሸ» ብሎ መተው የተለመደ ነው።

ለአንድ ግንበኛ ከረጢት የሚበቃው መለዋወጫ ጥቂት ነው፦ ሁለት የጋዝ መዝጊያ፣ ጥቂት ሜትር የምድጃ ጎማ፣ ማሰሪያ፣ የቧንቧ ክር መጠቅለያ፣ ሳሙና። የውጭ ምንዛሪው ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ በገበያ ስለሚወሰን ከውጭ የሚገባውን መዝጊያ ቢሮው ሳይዘጋ ግዙ።

ነበልባሉ እየዘለለ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ቧንቧው ውስጥ ውኃ ተጠራቅሟል። የምድጃውን መዝጊያ ዝጉ፤ ዝቅ ያለው ቦታ ላይ ያለውን የውኃ ማውጫ ቀስ አድርጋችሁ ክፈቱ፤ ውኃው አልቆ የጋዝ ሽታ ሲመጣ ወዲያው ዝጉ። አጠገቡ እሳትም ሲጋራም አይኑር። ጋዙ ሌሊቱን የሚያልቅ ከሆነ ግን መገጣጠሚያዎቹን የሳሙና አረፋ ቀቡ፤ የሚፈላበት ቦታ ቀዳዳው ነው። በክብሪት መፈተሽ ክልክል ነው።

በባዮጋዙ እንጀራ መጋገር እንደማይመች ለባለቤቶቹ በግልጽ ንገሯቸው። ወጥና ቡና በጋዙ፣ ምጣዱ በምርጥ ምድጃ። ይህ ሳይነገራቸው የቀሩ ቤቶች እበቱን ወደ ኩበት ይመልሱታል።

የጥገና ክፍያን በየጉብኝቱ ከመጠየቅ የዓመት ማድረጉ ይሻላል፤ የሚሰበሰበውም ጥር ላይ፣ ገበሬው እህሉን ሸጦ እጁ ላይ ብር ሲኖር ነው።