ከሐሳብ ወደሚሠራ ምርት፦ የመለዋወጫ ፈላጊ ቦት ኮምቦልቻ ላይ እንዴት ይጀመራል?

“የኢትዮጵያን የመለዋወጫ ገበያ በአንድ መተግበሪያ እናገናኛለን” የሚል ሐሳብ ስላይድ ላይ ያምራል፤ ለመሥራት ሲሞከር ግን የሚያዝበት ጫፍ የለውም። እናጥብበው። ከሚሌ በባቲ በኩል የመጣ ሲኖትራክ ኮምቦልቻ ላይ ፍሪሲዮኑ አስቸግሮ ቆሟል። መካኒኩ የዕቃውን ፎቶ ይልካል፤ የትኛው ሱቅ እንዳለውና በስንት እንደሚሸጠው በግማሽ ሰዓት ውስጥ ያውቃል። በቃ፣ ምርቱ ይህ ነው። አንድ ከተማ፣ አንድ የመኪና ዓይነት፣ ሦስት የዕቃ ምድብ፦ ፍሪሲዮን፣ ፍሬን፣ ኩሽኔታ። ካምቢዮና ሞተር ይቆዩ፤ እነሱን የሚገዛ ሰው አዲስ አበባ ደውሎ፣ ተከራክሮ፣ አድሮ ነው የሚወስነው።

መጀመሪያ ገዢው ማን እንደሆነ ለዩ። እዚህ ሦስት ሰዎች አሉ፦ ዕቃውን የሚመርጠው መካኒክ፣ ቆሞ የሚጠብቀው ሹፌር፣ ብዙ ጊዜ ሌላ ከተማ ሆኖ ገንዘቡን የሚልከው ባለንብረት። ባለንብረቱ በቃል የተነገረውን ዋጋ አያምንም። ስለዚህ የቦቱ (ቴሌግራም ላይ በራሱ የሚመልሰው ፕሮግራም) መልስ እንዳለ ፎርዋርድ የሚደረግ መሆን አለበት፤ ፎቶው፣ ዋጋው፣ የሱቁ ስምና ስልኩ በአንድ መልእክት ይሁን።

አሥር፣ አሥራ አምስት ሰው አነጋግሩ። “እንዲህ ያለ ነገር ቢኖር ትጠቀማለህ?” አትበሉ፤ ወሎ ላይ እንግዳን አሳፍሮ የሚመልስ ስለሌለ ሁሉም “ኧረ በደንብ!” ይላችኋል። ያለፈውን ጠይቁ፦ “ወንድሜ፣ መኪናው መጨረሻ የቆመው መቼ ነው? ዕቃውን ከየት አገኘኸው? ስንት ሱቅ ዞርክ?” መልሱ ውስጥ ሰዓትና ገንዘብ ካልጠፋ ችግሩ እናንተ ያሰባችሁትን ያህል አይከብድም።

ከኮድ በፊት በእጅ

ለሁለት ሳምንት ቦቱ እናንተው ሁኑ። የሚያስፈልገው አንድ ስልክ፣ አንድ የቴሌግራም አካውንትና አንድ የኤክሴል ሰንጠረዥ ነው። ጥያቄ ሲመጣ ፎቶውን ለስምንት ወይም ለአሥር ሱቅ ላኩ፤ መልሱን ሰብስባችሁ መልሱ። ሰንጠረዡ ላይ የጥያቄው ሰዓት፣ የጠያቂው ስልክ፣ የዕቃው ስም በጠያቂው አባባል፣ የመለሰው ሱቅ፣ ዋጋው፣ የመልሱ ሰዓት፣ ተገዛ ወይስ አልተገዛም፣ ካልተገዛ ለምን የሚሉት ይግቡ። የስልክ ዓምዱን መጀመሪያውኑ ጽሑፍ አድርጉት፤ ቁጥር ከሆነ ኤክሴል የፊቱን ዜሮ ይበላዋል። በኋላም ሁሉንም በ251 ጀምራችሁ አስቀምጡ፤ በ07 የሚጀምረውንም እንዳትረሱ።

ከዓምዶቹ ሁሉ የሚበልጠው የጠያቂው አባባል ነው። አንዱ ፍሪሲዮን፣ ሌላው ፍሪስዮን፣ ሦስተኛው ክላች ብሎ ይጽፋል። ይህ ዝርዝር የቦቱ መዝገበ ቃላት ይሆናል። ለፍለጋ ብቻ የሚውል ቅጂ አዘጋጁና ሐ እና ኀን ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ዐን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ ቀይሩ። ደንበኛው የጻፈውን ግን አትንኩበት።

ቦቱ

በእጅ መመለሱ ሲያቅታችሁ፣ ለምሳሌ በቀን ከአሥር ጥያቄ በላይ ሲመጣ፣ ወደ ኮድ ግቡ። የስልክ መተግበሪያ አሁን አያስፈልግም። መንገድ ላይ ያለ ሹፌር ለአንድ ኩሽኔታ ብሎ አዲስ ነገር አያወርድም፤ ቴሌግራም ግን ስልኩ ላይ አለ። ቦትፋዘር (የቴሌግራም ቦት መፍጠሪያ) ጋ ገብታችሁ ቦቱን ፍጠሩ፣ የሚሰጣችሁን ቶክን (የቦቱን የይለፍ ቁልፍ) ከኮዱ ውጭ በተለየ ፋይል አኑሩ፣ ኮዱን በፓይተን ቋንቋ ጻፉ። መልእክት መቀበያው ፖሊንግ ይሁን፤ ማለትም ቦቱ ራሱ አዲስ መልእክት ካለ ቴሌግራምን እየጠየቀ ያምጣ። ቴሌግራም ራሱ ወደ እናንተ የሚልክበት ዌብሁክ የኤችቲቲፒኤስ አድራሻ ይጠይቃል፣ ለጅምር ትርፍ ሥራ ነው። ዳታቤዙ ላይ አራት ሰንጠረዥ ይበቃል፦ ሱቅ፣ ጠያቂ፣ ጥያቄ፣ መልስ። ፎቶውን ራሳችሁ ማከማቸት አይጠበቅባችሁም፤ ቴሌግራም የሚሰጠውን የፋይል መለያ ብቻ መዝግቡ። መለያው የሚሠራው ግን ለዚያው ቦት ነው፤ በሌላ ቦት ከተካችሁት የድሮው ፎቶ አይከፈትም።

ቦት ለማያውቀው ሰው ቀድሞ መጻፍ አይችልም። ባለሱቁ ራሱ “ጀምር” የሚለውን መጫን አለበት፤ ስለዚህ የሱቆቹ ምዝገባ በእግር ነው። ሱቁ ሄዳችሁ፣ ስልኩን አብራችሁ ይዛችሁ፣ አንድ የሙከራ ጥያቄ አስመልሱት። ሊንክ ልኮ መጠበቅ አይሠራም።

ለባለሱቁ “አለ” እና “የለም” የሚሉ ሁለት ቁልፎች ስጡ። ከቁልፍ ጋር የሚሄደው ዳታ ከ64 ባይት አያልፍም፤ አንድ የግዕዝ ፊደል ደግሞ በዩቲኤፍ-8 (ጽሑፍ በኮምፒውተር የሚቀመጥበት ስልት) 3 ባይት ይይዛል። የሱቅና የዕቃ ስም ብትጨምሩበት በ21 ፊደል ይሞላና ቴሌግራም መልእክቱን አይቀበለውም። ቁጥር ብቻ ላኩ፤ ስሙን ቦቱ ከዳታቤዝ ያንብበው።

“አለ” ከተባለ በኋላ ዋጋ ስትጠይቁ ነው ዋናው ስህተት የሚፈጠረው። አንድ ሱቅ ላይ ሁለት ጥያቄ ተከታትሎ ከገባ፣ የኩሽኔታው ዋጋ ፍሪሲዮኑ ላይ ይለጠፋል፤ ቦቱ የሚያስታውሰው የመጨረሻውን ብቻ ስለሆነ ነው። የዋጋ ጥያቄው የግድ በሪፕላይ የሚመለስ ይሁን፤ መልሱንም በተመለሰበት መልእክት መለያ አገናኙት። ባለሱቅ “4500”፣ “4,500 ብር”፣ “4ሺ5” እያለ እንደ ልማዱ ይጽፋል። ቦቱ ካልገባው አይጨቃጨቅ፤ የተጻፈውን እንዳለ ለጠያቂው ያስተላልፍ።

መብራት ሲጠፋ ምን ይሆናል? ቴሌግራም ያልደረሱ መልእክቶችን እስከ 24 ሰዓት ያቆያል፤ ቦቱ ሲነሣ ሁሉንም ባንድ ጊዜ ይቀበላል። ካልተጠነቀቃችሁ ከአምስት ሰዓት በፊት የተጠየቀ ዕቃ ያኔ ለሱቆች ይበተናል፤ ሹፌሩ ገዝቶ ከሄደ ቆይቷል። የመልእክቱን ሰዓት እዩ፤ ከተላከ ከአንድ ሰዓት በላይ ከሆነው ጠያቂውን “አሁንም ይፈልጋሉ?” በሉት። ቦቱን ቤት ላፕቶፕ ላይ ከማስኬድ ትንሽ ሰርቨር መከራየት ይሻላል። ያኔ ደግሞ ላፕቶፑ ላይ ያለውን ማጥፋት አትርሱ፤ በአንድ ቶክን ሁለት ቦታ ፖሊንግ ከተደረገ 409 የሚል ስህተት ይመጣል፣ መልእክትም ይዘበራረቃል።

ስማርት ስልክ ለሌለው ባለሱቅ ኤስኤምኤስ ትልኩ ይሆናል። በአማርኛ አንድ መልእክት 70 ፊደል ብቻ ይይዛል፤ ካለፈ በ67፣ በ67 ተቆርጦ በየቁራጩ ይከፈልበታል። “ሲኖ ፍሪሲዮን ዲስክ አለ? 1 አለ 2 የለም” በቂ ነው፤ ሰላምታው ይቅር።

ሰዓት ስታስጽፉ “3 ሰዓት” ጠዋት 9:00 መሆኑን ኮዱ ይወቅ። ዓርብ በጁምዓ ሰዓት ብዙ ሱቅ ስለሚዘጋ፣ ያልመለሰውን ሱቅ “ሰነፍ” ብሎ ከተራ የሚያወርድ ስሌት ካላችሁ ያን ሰዓት አትቁጠሩበት።

ገንዘብና ልኬት

ክፍያ በእናንተ በኩል አይለፍ። ገዢው በቀጥታ ለሱቁ በቴሌብር ይክፈል፤ ባለሱቁም የተላከለትን ስክሪንሾት ሳይሆን የራሱን ሂሳብ አይቶ ዕቃውን ይስጥ፤ ስክሪንሾት በቀላሉ ይቀናበራል። ከሦስተኛው ሳምንት ጀምሮ ግን ሱቆቹን ትንሽም ቢሆን በተሸጠ ዕቃ አስከፍሉ። “ጥሩ ነው፣ ቀጥሉ” የሚል ባለሱቅ ብር ሲጠየቅ የሚለው ነገር ነው እውነተኛው አስተያየት። የምትይዙት የሰው ስልክ ቁጥር በግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ሥር ስለሚወድቅ፣ ለምን እንደምትይዙት ስትመዘግቡ ንገሩ፤ የማያስፈልጋችሁን አትጠይቁ።

ከመጀመራችሁ በፊት ልኬቱን ጻፉ፤ ለምሳሌ ከአሥር ጥያቄ ስድስቱ በግማሽ ሰዓት ዋጋ ያግኙ፣ ሁለቱ ይገዙ። ዋጋ ካልመጣ የጎደለው ሱቅ ነው፤ ኮድ መጨመር አይፈታውም። ዋጋ መጥቶ ግዢ ከሌለ ፎርዋርድ የተደረገለትን ባለንብረት ደውላችሁ ጠይቁት።

ደሴን የምትጨምሩት ይህ ልኬት ሲሳካ ነው። 25 ኪሎ ሜትር ያህል ሽቅብ ነውና ዕቃው በሚኒባስ ይላካል፤ ቦቱ የሚያሳየው ዋጋ የመላኪያውን ይጨምር። የማይገጥም ዕቃ ከመጣ መመለሻውን ማን እንደሚከፍል አስቀድሞ ይታወቅ። ሱቁ ከመላኩ በፊት የዕቃውን ቁጥር የሚያሳይ ፎቶ ይላክ፤ መካኒኩ አሮጌው ላይ ካለው ቁጥር ጋር ያመሳክረው፤ ብሩ የሚላከው ከዚያ በኋላ ነው።