ከአፕግሬድ በኋላ ሰርቨሩ አልነሳ ሲል

የኡቡንቱ 20.04 (ሰርቨር ላይ የሚጫን የሊኑክስ ስሪት) መደበኛ ድጋፍ ግንቦት 2017 ዓ.ም. ካበቃ ወዲህ ስልኬ ዕረፍት አጥቷል። ከሜክሲኮ ይደወላል፣ ከስታዲየም ይደወላል፣ ከፒያሳ ይደወላል። ወሬው አንድ ነው፦ «አፕግሬድ አድርገን ሪስታርት አልነው፣ ከዚያ ወዲያ እምቢ አለ።» ኬብሉን፣ ራሙን፣ ባዮሱ (ማሽኑ ሲበራ መጀመሪያ የሚሠራው ፕሮግራም) ዲስኩን ማየት አለማየቱን አረጋግጣችኋል ብዬ ልለፈው።

አንድ ነገር ግን አስቀድሜ ልናገር። ፎርማት አታድርጉ! ዳታው እዚያው ነው። አብዛኛውን ጊዜ የጎደለችው አንዲት ፋይል ናት። «በቃ እንደ አዲስ እንጫነው» እያሉ የስንቱን ድርጅት የሂሳብ መዝገብ እንዳጠፉ ቤት ይቁጠረው።

አልፎ አልፎ የሚመጡትን ቶሎ ልጨርስ።

«ግረብ ሬስኪው» ብሎ ከቆመ፣ በተለይ «ሲምቦል ኖት ፋውንድ» የሚል ካለበት፦ የግረብ (ሊኑክስን የሚያስነሳው ፕሮግራም) ሞጁሎች ታድሰዋል፣ ዲስኩ መጀመሪያ ላይ ያለችው ቁራጭ ግን የድሮዋ ናት። ሁለት ዲስክ ያለው ሰርቨር ላይ ይበዛል። በላይቭ ፍላሽ (ሳይጫን ከፍላሹ በሚነሳ ሊኑክስ) ገብታችሁ ግረብን ባዮሱ በሚነሳበት ዲስክ ላይ እንደገና ጫኑ። ዲስኩ ላይ ነው ያልኩት፣ ፓርቲሽኑ (የዲስኩ ክፋይ) ላይ አይደለም።

90 ሰከንድ ቆጥሮ «ኢመርጀንሲ ሞድ» ከገባ፦ ኤፍኤስታብ (ሲነሳ የሚገናኙት ዲስኮች ዝርዝር) ውስጥ ተጽፎ አሁን የሌለ ዲስክ አለ። ብዙ ጊዜ ለባክአፕ ተሰክቶ የተነቀለ ኤክስተርናል ነው። መስመሩ ላይ ኖፌይል (ዲስኩ ባይኖርም እለፍ ማለት ነው) ጨምሩ፣ በዲስኩ ስም ፈንታም ዩዩአይዲ (የማይለወጥ መለያ ቁጥሩን) ጻፉ።

ከሴንትኦኤስ (የሬድ ሃት ዘር የሆነ ሌላ ሊኑክስ) 7 ወደ 8 ትውልድ አሻግራችሁ ድራከት ሼል (ዲስኩን ሲያጣ የሚከፍተው ትእዛዝ መጻፊያ) ላይ ከቆመ፦ የሬይድ ካርዳችሁን (ዲስኮቹ የሚሰኩበትን ካርድ) ዕድሜ እዩ። ሬድ ሃት ከስሪት 8 ጀምሮ የብዙ አሮጌ ካርዶችን ድጋፍ አውጥቷል። ኢኤልሬፖ (ተጨማሪ ድራይቨር የሚገኝበት የፓኬጅ ማከማቻ) ላይ ድራይቨሩን ፈልጉ። ሁለተኛ እጅ ሰርቨር የገዛ ሰው ይህን ማየት ያለበት ከአፕግሬዱ በፊት ነበር።

አሁን ወደ ዋናው።

ምልክቱ ይህ ነው። ስክሪኑ በነጭ ጽሑፍ ይሞላና መጨረሻው ላይ «ከርነል ፓኒክ» ይላል፤ ከዚያ «አነብል ቱ ማውንት ሩት» (ሩትን፣ ማለትም ሲስተሙ ያለበትን ዋና ክፍል፣ ማገናኘት አልቻልኩም) እና በቅንፍ ሁለት ዜሮ። ይህን ያየ ሁሉ «ዲስኩ ሞተ» ይላል። አልሞተም። አዲሱ ከርነል (የሲስተሙ እምብርት) ኢኒትራምኤፍኤስ የምትባለውን ፋይል አላገኘም። የዲስኩ ድራይቨር ያለው እሷ ውስጥ ነው። እሷ ከሌለች ከርነሉ ዲስክ የሚባል ነገር አያውቅም።

ለምን ጠፋች? ቡት ፓርቲሽኑ (ከርነሎቹ የሚቀመጡበት የዲስክ ክፋይ) ስለሞላ። ሰርቨሩን የጫነው ሰው ቡትን ለብቻው ከፍሎ 500 ሜጋባይት ሰጥቶታል፤ ያን ጊዜ ይበቃ ነበር። ዛሬ አንድ ከርነል ከነኢኒትራምኤፍኤሱ 100 ሜጋባይት አልፎ ይሄዳል። አሮጌዎቹን የሚያጸዳ የለም። አፕግሬዱ አዲሱን ሊጽፍ ሲል ቦታ ያጣል። «ኖ ስፔስ ሌፍት» የሚል መስመር እኮ ወጥቶ ነበር! ማን ያንብበው? ኢንተር፣ ኢንተር፣ ዋይ፣ ሪስታርት።

ሁለተኛው ምክንያት መብራት ነው። ፋይሏ ስትጻፍ መብራት ከሄደ ባዶ ወይም ጎዶሎ ሆና ትቀራለች። «ዩፒኤስ አለን» ይሉኛል። ሜክሲኮ አካባቢ አንድ ቢሮ ዩፒኤሱ መብራት በሄደ ቁጥር አንዴ ጮኾ ጭጭ ይላል። ባትሪ ሁለት ጊዜ ቀይረውለታል። ጠረጴዛው ሥር ጎንበስ ስል የኤሌክትሪክ ምድጃ ተሰክቶበታል፤ ጀበናው ተጥዷል። «መብራት ሲጠፋ ቡናው እንዳይቋረጥብን ብለን ነው ጋሼ» አለችኝ ልጅቷ፣ ምንም ሳይመስላት። ምድጃው 1000 ዋት፣ ዩፒኤሱ 650 ቪኤ። ሰርቨሩ አፕግሬድ መሃል ላይ የወደቀው ለካ በቡና ሰዓት ነው።

መፍትሄው። አሮጌው ከርነል አልተነካም፣ በእሱ ግቡ። ሰርቨሩ ሲነሳ ባዮስ ከሆነ ሺፍትን ይዛችሁ ቆዩ፤ ዩኢኤፍአይ (የባዮስ አዲሱ ተተኪ) ከሆነ ኢስኬፕን አንዴ ንኩ። ደጋግማችሁ ከመታችሁት ሜኑውን አልፎ ባዶ የግረብ መጻፊያ ላይ ይጥላችኋል። «አድቫንስድ ኦፕሽንስ» ውስጥ ገብታችሁ ከላይኛው ቀጥሎ ያለውን ስሪት ምረጡ። አብዛኛው ሰርቨር እዚህ ላይ ይነሳል፤ የቢሮው ሰውም ትንፋሹን ይሰበስባል።

ከዚያ የቡትን ቦታ እዩ። 100 ፐርሰንት ይላችኋል። ፋይሎቹን ከነመጠናቸው ዘርዝሩ፤ የአዲሱ ከርነል ኢኒትራምኤፍኤስ የለችም፣ ወይም ከእህቶቿ በጣም ታንሳለች። አሁን «አውቶሪሙቭ» (የማያስፈልገውን ፓኬጅ የሚያነሳው ትእዛዝ) ብትሉ ብዙ ጊዜ አይሠራም፤ ያልተጠናቀቀ ፓኬጅ አለ ብሎ ይመልሳችኋል። ያልተጠናቀቀውን ልጨርስ ስትሉ ደግሞ ቦታ የለም ይላል። ሰው ሁሉ የሚናደደው እዚህ ጋ ነው።

አዙሪቱ የሚሰበረው እንዲህ ነው። አሁን የተነሳችሁበትን ከርነል ስሪት ወረቀት ላይ ጻፉ፣ እሱ አይነካም። ከሌሎቹ የጥንቱን መርጣችሁ ኢኒትራምኤፍኤሱን ወደ ሩት ፎልደር አዛውሩት። አትሰርዙት፣ አዛውሩት። ቦታ ተገኘ ማለት ነው። አሁን ዲፒኬጂን (ፓኬጅ የሚጭነውን ፕሮግራም) የተቋረጠውን እንዲጨርስ እዘዙት፣ ከዚያ አውቶሪሙቩን ከነፐርጁ (ኮንፊገሬሽኑንም ከሚያጠፋው ምርጫ ጋር) አስኪዱ። በመጨረሻ ኢኒትራምኤፍኤስን ለአዲሱ ከርነል ሥሩና ግረብን አድሱ። ሪስታርት ከማለታችሁ በፊት የፋይሏን መጠን እንደገና እዩ! ከርነሎቹን በእጅ ከቡት ፎልደር እየሰረዛችሁ እንዳትገላገሉ። ፓኬጅ ማኔጀሩ አሁንም አሉ ብሎ ስለሚያምን መልሶ ይሠራቸዋል፣ ቡቱም ዳግም ይሞላል።

አሮጌ ከርነል ከሌለ ላይቭ ፍላሽ ያስፈልጋል። ፍላሹን ከመንገድ ላይ አትግዙ። 64 ጊጋ ተብሎ ውስጡ 8 የሆነ ፎርጅድ ሞልቷል፤ መጻፉን «ጨረስኩ» ይላል፣ ሲነሳ ግማሽ መንገድ ላይ ይሰበራል። እናንተም ሰርቨሩን ትጠረጥራላችሁ።

በላይቭ ከገባችሁ በኋላ ኤልቪኤም (ዲስኩን በሶፍትዌር የሚከፋፍል ዘዴ) ካለ መጀመሪያ አንቁት። ሩቱን ማውንት አድርጉ፣ ቀጥሎ ቡት ፓርቲሽኑን በውስጡ ባለው ቡት ፎልደር ላይ፣ ዩኢኤፍአይ ከሆነ ኢኤፍአይውንም። ከዚያ ዴቭን፣ ፕሮክን፣ ሲስን (ከርነሉ የሚያቀርባቸውን ፎልደሮች) ባይንድ አድርጋችሁ፣ ማለትም እዚያም እንዲታዩ አገናኝታችሁ፣ በቸሩት ትእዛዝ ወደ ሰርቨሩ ሲስተም ግቡ። ቡትን ማውንት ማድረግ ነው የሚረሳው። ስታዲየም ጋ አንድ ጎበዝ ልጅ ሌሊቱን ሙሉ ኢኒትራምኤፍኤስ ሲሠራ አደረ። በየጊዜው «ተሳክቷል» ይለዋል፣ ሪስታርት ሲያደርግ ያው ፓኒክ። ፋይሉ ሁሉ የተጻፈው ሩት ውስጥ ባለው ባዶ ቡት ፎልደር ነበር፤ ትክክለኛውን ፓርቲሽን አንዴም አልነካውም። ጠዋት ስደርስ አዲስ ዲስክ ሊያስገዛ ፎርም ሞልቶ፣ ፊርማ እየጠበቀ ነው።

ቡቱ ጠቦ ማስፋት ካልተቻለ፣ የኢኒትራምኤፍኤስ ኮንፊገሬሽን ውስጥ ሞጁልስ የሚለውን ከ«ሞስት» ወደ «ዴፕ» ቀይሩት። ፋይሏ በጣም ትቀንሳለች፣ የዚያን ማሽን ድራይቨር ብቻ ስለምትይዝ። ዲስኩን ነቅላችሁ ሌላ ዓይነት ካርድ ያለው ሰርቨር ላይ ከሰካችሁት ግን አይነሳም። ስለዚህ ቅያሪውን ማሽኑ ላይ በማርከር ጽፋችሁ ለጥፉ፤ ከእናንተ በኋላ የሚመጣው ልጅ ደግሞ እኔ ጋ እንዳይደውል።