የአያቶችን ፎቶ ስናሳድግ የወረቀቱ ሸካራነት እንዳይወጣ

ለቤተሰቡ የቀረችው ብቸኛ የአያቶች የሰርግ ፎቶ 9 በ12 ሴንቲ ሜትር ነች፤ ለዲዛይን ቤታችንም የመጀመሪያው የግድግዳ ሥራ። ወረቀቷ ሸካራ ስለሆነ ስካን ስትደረግ ፊታቸው ላይ የማር እንጀራ የመሰለ ጥለት ወጣ። የስካነሩ መብራት ከአንድ ወገን ስለሚመጣ እያንዳንዷ እብጠት ጥላ ትጥላለች። ብለር አያዋጣም፤ ዓይንና ሽፋሽፍትም አብሮ ይደበዝዛል።

መፍትሔው፦ በ600 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች ውስጥ ያሉ ነጥቦች ብዛት) ስካን፣ ፎቶውን 180 ዲግሪ አዙሮ ድጋሚ ስካን፤ ሻርፕኒንግ (ጠርዞችን የሚያጎላው) እና አውቶማቲክ የቀለም ማስተካከያ ጠፍተው። ሁለተኛውን ፎቶሾፕ ላይ መልሶ አዙሮ ከላይ መደረብ፣ በአውቶ አላይን (ምስሎችን በራሱ በሚያገጣጥመው ትዕዛዝ) ማጋጠም፣ የላይኛውን ኦፓሲቲ (የታችኛውን የመሸፈን መጠን) 50 በመቶ ማድረግ። ተቃራኒዎቹ ጥላዎች ይጠፋፋሉ። ዓይን ድርብ ሆኖ ከታየ ገና አልገጠመም። ስታጸዱ የአያትየዋን ማርያም የሳመቻትን ምልክት እንዳትነኩ፤ ቤተሰቡ መጀመሪያ የሚፈልገው እሱን ነው። ህትመቱ በ150 ዲፒአይ 36 በ48 ሴንቲ ሜትር ይወጣል።