የተጨናነቀ መስቀለኛ መንገድ እንዴት ይሻሻላል? ከቆጠራ እስከ ቀለም ቅብ

መስቀለኛ መንገድ በተጨናነቀ ቁጥር ቀድሞ የሚመጣው ሐሳብ «ይስፋ» የሚል ነው። ብዙ ጊዜ ግን ያጠረው ሴኮንድ እንጂ አስፋልት አይደለም። የተለያየ አቅጣጫ ያላቸው ተጓዦች አንዲቱን ቦታ በተራ ይጠቀሙባታል፤ ተራ በተቀየረ ቁጥር አንዱ ቆሞ ሌላው እስኪነሳ 4 ሴኮንድ ያህል ማንም ሳይጠቀምበት ያልፋል። መንገዱ ሲሰፋ ደግሞ እግረኛው ለመሻገር፣ መኪናውም መሀሉን ለቆ ለመውጣት ተጨማሪ ጊዜ ይፈልጋሉ። ስለዚህ ዲዛይኑ የሚጀምረው ሴኮንዱን ማን እየበላው እንደሆነ ከመለየት ነው።

(ከዚህ በታች ያለው ሁሉ በቀኝ ለሚነዳበት አገር ነው፤ በግራ በሚነዳበት አገር ግራና ቀኙን አገላብጣችሁ አንብቡት።)

1. ሰልፉ የማን እንደሆነ እወቁ

በሥራ መግቢያና መውጫ ሰዓት ሄዳችሁ፣ አረንጓዴ ሲበራ ማቆሚያ መስመሩ ላይ ያለችውን የመጀመሪያዋን መኪና ተመልከቱ። ፊቷ ክፍት ሆኖ ወዲያው ከተነሳች ሰልፉ የዚሁ መስቀለኛ ነው። አረንጓዴ በርቶላት መሄጃ አጥታ ከቆመች ግን ችግሩ ያለው ቀጣዩ መጋጠሚያ ላይ ወይም ወዲያ ማዶ ባለ ፌርማታ ነው። እንዲህ ከሆነ እዚህ የሚወጣው ገንዘብ መኪኖቹን ወደዚያኛው ሰልፍ ቶሎ ከማድረስ አያልፍም። ይህን ሳያጣሩ ንድፍ መጀመር በዚህ ሥራ ላይ ከሚፈጸሙ ስህተቶች ሁሉ ብዙ የሚያስከፍለው ነው።

እዚያው ቆማችሁ ሌላም ምልክት ልቀሙ። የአካፋዩ ሣር በሰው እግር ተረግጦ ቀጭን መንገድ ከሠራ፣ ዜብራው የትም ይቀባ፣ ሰው በእውነት የሚሻገረው እዚያ ነው። የፍሬቻ ስባሪ፣ አስፋልት ላይ የቀረ የጎማ ጥቁረት፣ የተገጨ ምሰሶ፣ እነዚህ መዝገብ ላይ ያልሰፈሩ ግጭቶች የት እንደሚደርሱ ይናገራሉ። አንድ ሚኒባስ ከማቆሚያ መስመሩ 10 ሜትር ላይ ቆሞ ሰው ሲያወርድ ረድፉ ስንት ሴኮንድ እንደተዘጋ በሰዓት ያዙ። አንድ ጊዜ በጨለማ፣ አንድ ጊዜ ደግሞ በዝናብ ተመለሱ። ውሃ የሚቋጥረው አብዛኛውን ጊዜ በማቋረጫው ጫፍ ላይ ነው፤ እግረኛውም ኩሬውን ሲሸሽ መኪና መሀል ይገባል።

2. ቁጠሩ፤ ግን የት ቆማችሁ እንደምትቆጥሩ አስቡ

ቆጠራው በየ15 ደቂቃው ተከፋፍሎ፣ ከእያንዳንዱ አቅጣጫ ወደ ግራ የሚታጠፈው፣ ቀጥ የሚለውና ወደ ቀኝ የሚታጠፈው ለየብቻ ይመዘገባል። ትንሽ መኪና፣ አውቶቡስ፣ ከባድ መኪና፣ ሞተር ሳይክልና ብስክሌት የየራሳቸው ዓምድ ይኑራቸው። እግረኛም ይቆጠራል፤ ከዜብራው ውጭ የሚሻገረውም ጭምር። በሳምንቱ መሀል ካሉ የሥራ ቀናት አንዱን ምረጡና ጠዋት፣ ቀትርና ማታ ቢያንስ ሁለት ሁለት ሰዓት ቁጠሩ። በዓል የቀረበበትንና ትምህርት ቤት የተዘጋበትን ሳምንት ተዉት።

ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። ማቆሚያ መስመሩ ላይ ቆሞ የሚቆጥር ሰው የሚያገኘው ያለፈውን መኪና ነው እንጂ ማለፍ የፈለገውን አይደለም። አንድ ረድፍ በ100 ሴኮንድ ዙር (ዙር ማለት ሁሉም አቅጣጫ ተራውን አንድ አንድ ጊዜ የሚያገኝበት ጊዜ ነው) ውስጥ 30 ሴኮንድ አረንጓዴ ቢያገኝ፣ በየዙሩ 15 ያህል፣ በሰዓት 540 መኪና ያሳልፋል። ፈላጊው 560 ቢሆንም 800 ቢሆንም ወረቀቱ ላይ የሚሰፍረው ያው 540 ነው። ስለዚህ ሁለተኛ ሰው የሰልፉ ጭራ ጋ ቁሞ በየ15 ደቂቃው የሰልፉን ርዝመት ይመዝግብ። በ15 ደቂቃ ውስጥ 135 መኪና አልፎ ሰልፉ ከ10 ወደ 32 ካደገ፣ እውነተኛው ፍላጎት 135 ሲደመር 22፣ ማለትም 157 ነው። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን በሰዓት 88 መኪና ነው፣ የተረሳውም ሰልፍ መንገዱ በተመረቀ ማግስት እዚያው ይጠብቃችኋል።

ቁጥሩ ሲጠቃለል አውቶቡስና ከባድ መኪና እንደ 2 ትንሽ መኪና ይታሰባሉ፤ ሞተር ሳይክል ከግማሽ በታች። ንድፉ በሰዓቱ ድምር ሳይሆን በከባዱ ሩብ ሰዓት ይመዘን። በሰዓት 1800 አልፎ ከባዱ ሩብ ሰዓት ብቻውን 500 ካሳለፈ፣ የምትሠሩት ለ2000 ነው።

3. አደጋውን በሥዕል አስቀምጡ

የ3 ወይም የ5 ዓመት የአደጋ መዝገብ አግኝታችሁ እያንዳንዱን ግጭት በመስቀለኛው ንድፍ ላይ በቀስት ሳሉ። የአንድ ዓመት መዝገብ አይበቃም፤ አንድ ክፉ ዓመት በራሱ ጊዜ ይረግባል፣ ለውጡንም ማሻሻያው ያመጣው ይመስላል። ቀስቶቹ ሲጠራቀሙ መልክ ያወጣሉ። አንዱ የሌላውን ጎን የሚመታባቸው ግጭቶች ከበዙ ቀዩ እየተጣሰ ነው፣ ወይም መብራቱ በዛፍና በሰሌዳ ተሸፍኗል። ከኋላ የሚገጩ ከበዙ ቢጫው አጭር ነው፣ ወይም አሽከርካሪው ሰልፉን የሚያየው ዘግይቶ ነው። ወደ ግራ ታጣፊውን ከፊት የሚመጣው የሚመታው ከሆነ ታጣፊው የራሱ ተራ ያስፈልገዋል። እግረኛ በማታ የሚመታ ከሆነ መጀመሪያ ማቋረጫው ላይ ያለውን የመንገድ መብራት ፈትሹ።

4. መብራት ወይስ አደባባይ?

ከአራት አቅጣጫ፣ በየአቅጣጫው አንድ አንድ ረድፍ ያለው ተራ መስቀለኛ መኪኖች ሊገናኙ የሚችሉባቸው 32 ነጥቦች አሉት። ባለ አንድ ረድፍ አደባባይ ግን 8 ብቻ ነው፣ እነሱም የመቀላቀልና የመለያየት እንጂ ፊት ለፊት የመቋረጥ አይደሉም። ፍጥነቱም ስለሚወርድ ግጭት ቢደርስ እንኳ ጉዳቱ ይቀንሳል።

አደባባይ የሚወድቅባቸው ሁኔታዎችም አሉ። ከአንድ አቅጣጫ የሚመጣው የመኪና ጎርፍ ከበዛ ቀጥሎ ያለው መግቢያ ክፍተት አያገኝም፤ ዋናው መንገድ ሲፈስ ትንሹ ይታነቃል። ቅድሚያው ውስጥ ለሚዞረው ካልተሰጠ ደግሞ የሚገባው የሚወጣውን ይዘጋዋል፣ ሁሉም ተቆላልፎ ይቆማል። የእግረኛ ብዛት ባለበት ባለ ሁለትና ባለ ሦስት ረድፍ አደባባይ ማቋረጥ ከባድ ነው፤ አንዱ መኪና ቆሞ ሲያሳልፍ በጎኑ ያለው አይቆምም። እንዲህ ባለው ቦታ መብራት ይሻላል። ቦታ ጠባብ፣ እግረኛ ብዙ፣ አውቶቡስ ተመላላሽ ከሆነም እንዲሁ።

5. የመብራቱን ሰዓት አስሉ

የሚያስፈልገው ካልኩሌተር ብቻ ነው። በሰልፍ የሚንቀሳቀስ አንድ ረድፍ በ2 ሴኮንድ አንድ መኪና ያሳልፋል፤ በአንድ ሰዓት ያልተቋረጠ አረንጓዴ 1800። በእያንዳንዱ ተራ ከሚሄዱት ረድፎች በጣም የተጨናነቀውን ውሰዱና ፍላጎቱን ለ1800 አካፍሉ። ሦስት ተራ ያለው መስቀለኛ እንውሰድ። ሰሜንና ደቡብ ቀጥታ 540፣ የዚያው መንገድ የግራ ታጣፊ 180፣ ምሥራቅና ምዕራብ 630 ይሁን። ሲካፈሉ 0.30፣ 0.10ና 0.35 ይሆናሉ፤ ድምራቸው 0.75። የሚባክነው ጊዜ በየተራው 4፣ በዙሩ 12 ሴኮንድ ነው።

በእንግሊዝ አገር ዌብስተር የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1958 ያሳተመው ቀመር ዛሬም ጥሩ መነሻ ነው፦ ባካናውን (በዙሩ የሚባክነውን ጊዜ) በ1.5 አባዝቶ 5 መደመር፣ ከዚያ ከ1 ላይ ድምሩ ተቀንሶ በሚቀረው ማካፈል። 12 በ1.5 ሲባዛ 18፤ 5 ሲጨመር 23፤ 23 ለ0.25 ሲካፈል 92 ሴኮንድ። ከ92 ላይ 12 ሲቀነስ የቀረው 80 ሴኮንድ በየድርሻው ይከፈላል፦ 32፣ 11ና 37 ያህል።

አሁን «ለምሥራቅና ምዕራብ ግራ ታጣፊም የራሱ ተራ ይሰጠው» የሚል ጥያቄ መጣ እንበል። የሱ ድርሻ 0.08 ነው። ድምሩ 0.83፣ ባካናው 16 ይሆናል፤ 29 ለ0.17 ሲካፈል 170 ሴኮንድ። ዙሩ እጥፍ ሊሆን ጥቂት ቀረው! ከ120 ሴኮንድ በላይ የሆነ ዙር ደግሞ ሰልፉን ያስረዝማል፤ እግረኛውም ከ30 ወይም ከ40 ሴኮንድ በላይ ሲጠብቅ ትዕግሥቱ አልቆ በቀይ ይሻገራል። ተራ መጨመር ነፃ ስጦታ ስላልሆነ፣ ያንን መታጠፍ ከልክሎ በሚቀጥለው መንገድ ማዞር የተሻለ የሚሆንበት ጊዜ ብዙ ነው።

ሦስት ነገሮችን አረጋግጡ። የመጀመሪያው እግረኛ ነው። በ1 ሜትር በሴኮንድ ሂሳብ (አረጋውያንና ሕፃናት ያሉበት ፍጥነት ነው) 16 ሜትር ለመሻገር 16 ሴኮንድ፣ ለመነሻ ደግሞ 7 ሴኮንድ ተጨምሮ 23 ይፈልጋል፤ በ32ቱ ውስጥ ይገባል። መንገዱ 24 ሜትር ቢሆን ግን 31 ደርሶ ጫፍ ላይ ነው። ሁለተኛው ቢጫ ነው፤ በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ለሚነዳበት ሜዳ መንገድ 3.3 ሴኮንድ ያህል ይወጣል። ሦስተኛው ሁሉም ቀይ የሚሆንበት ቅጽበት ነው። 24 ሜትር ስፋትና 6 ሜትር መኪና ተደምረው በዚያ ፍጥነት 2.2 ሴኮንድ ይወስዳሉ። ከዚህ ላይ ሴኮንድ ቆርጦ አረንጓዴ ማስረዘም ግጭት መግዛት ነው።

6. ንድፉን ከጥግ ጀምሩ

ስሌቱ ሲያልቅ ብዕር ወደ ወረቀት ይወርዳል። የማዕዘኑ ኩርባ ሰፊ በሆነ ቁጥር መኪናው ሳይቀዘቅዝ ይታጠፋል፣ ማቋረጫውም ይረዝማል። ትንንሽ መኪና ለሚበዛበት ጥግ 5 ሜትር ሬዲየስ ወይም ከዚያ በታች በቂ ነው። 12 ሜትር አውቶቡስ የሚታጠፍበት ከሆነ የጎማውን ዱካ በልኩ ስላችሁ ፈትኑ፤ ብዙ ጊዜ ጥጉን ከማስፋት ይልቅ የጎረቤቱን ረድፍ ማቆሚያ መስመር ጥቂት ሜትር ወደ ኋላ መሳብ ይበቃል።

የረድፍ ስፋት በከተማ ከ3 እስከ 3.3 ሜትር ይሁን። ከዚያ የሚተርፈውን ለእግረኛ መጠለያ ደሴት ስጡት፤ ጋሪ የያዘ ሰውና ተሽከርካሪ ወንበር እንዲቆምበት ስፋቱ ከ2 ሜትር ባያንስ ይመረጣል። የመውረጃው ተዳፋት ከ12 አንድ አይለፍ፣ ከዜብራው ጋርም ፊት ለፊት ይግጠም። ወደ ጎን ዞሮ የተሠራ መውረጃ ዓይነ ስውርን ወደ መስቀለኛው መሀል ይመራዋል።

የግራ መታጠፊያ ኪስ ርዝመቱ በግምት አይሠራም። በሰዓት 180 ታጣፊ፣ በ92 ሴኮንድ ዙር ወደ 5 መኪና ይመጣል። ሁልጊዜ እኩል ስለማይመጣ እጥፉን፣ 10 መኪና አስቡ፤ በ7 ሜትር ሲባዛ 70 ሜትር። ኪሱ ካጠረ ሁለት ጊዜ ይጎዳል፦ የታጣፊው ሰልፍ ሞልቶ ቀጥታ ሂያጁን ይዘጋል፣ የቀጥታው ሰልፍም የኪሱን አፍ ደፍኖ አረንጓዴው ባዶ ሜዳ ላይ ይበራል።

ፌርማታውን መስቀለኛውን ካለፈ በኋላ አድርጉት። ከመብራቱ በፊት ያለ ፌርማታ አውቶቡሱ ሲያወርድ አረንጓዴውን ይበላል፣ እግረኛውም በአውቶቡሱ ፊት ተከልሎ ይሻገራል። ካለፈ በኋላ ሲሆን ግን በአንድ ጊዜ ለሚመጡ አውቶቡሶች የሚበቃ ርዝመት ይኑረው፤ ካልሆነ ጭራው መስቀለኛው ውስጥ ይቀራል።

7. ከመሬት በታች ያለውን አትርሱ

የውሃ፣ የፍሳሽ፣ የመብራትና የስልክ መስመሮች ካርታ ላይ ካለው ቦታ ሊርቁ ይችላሉ፤ ምሰሶና ደሴት በሚቆሙበት ሁሉ በእጅ የሙከራ ጉድጓድ ቆፍሩ። ከርብስቶን (የመንገዱ ጠርዝ ድንጋይ) ሲዘዋወር የዝናብ ውሃው መሄጃ ይለወጣልና የፍሳሽ መግቢያው ከማቋረጫው በላይ በኩል ይሁን። አስፋልቱ ሳይነጠፍ በመንገዱ ሥር አንድ ሁለት ባዶ ቱቦ ቅበሩ፤ ዋጋቸው ትንሽ ነው፣ ኋላ አዲስ አስፋልት ከመቁረጥ ያድናሉ።

8. በቀለምና በኮን ሞክሩት

ኮንክሪት ከመፍሰሱ በፊት አዲሱን ጥግ፣ ደሴትና ረድፍ በቀለም፣ በኮንና በፕላስቲክ ምሰሶ ሥሩትና ለጥቂት ሳምንታት ተዉት። የመጀመሪያውን ሳምንት ለፍርድ አትጠቀሙበት፤ አሽከርካሪው ገና እየለመደ ነው። ከዚያ በኋላ በተደጋጋሚ የሚወድቅ ኮን ካለ ያ ጥግ ለአንድ ተሽከርካሪ ጠቧል፤ የትኛው እንደሆነ ቆማችሁ ለዩ። ቀለም የተቀባ ደሴት ላይ የቆመ መኪና ካያችሁ ደግሞ እዚያ ከርብ የግድ ነው።

9. ከተከፈተ በኋላ

በመጀመሪያው ሳምንት ቀንም ማታም ተመላለሱ። በወሩ መጨረሻ በዚያው ዘዴ፣ የሰልፉን ጭራ ጨምሮ፣ እንደገና ቁጠሩና የአረንጓዴውን ድርሻ አስተካክሉ። ሰልፉ የቀለለበት መንገድ ከሌላ ሰፈር መኪና ስለሚስብ በ6 ወሩ አንድ ጊዜ መድገም ያስፈልጋል። የአደጋ መዝገብ እስኪጠራቀም ዓመታት ይፈልጋል፤ እስከዚያ ከፍ ካለ ቦታ ጥቂት ሰዓት ቪዲዮ ቀርጻችሁ ድንገት ፍሬን የያዙትንና ለጥቂት ከመጋጨት የተረፉትን ቁጠሩ። መኪና መኖሩን የሚያውቀው ሽቦ አስፋልት ውስጥ ከተቀበረም በየጊዜው ይፈተሽ። ለሌላ ሥራ መንገዱን የቆፈረ ሰው ሽቦውን ቢቆርጠው፣ ብዙው መቆጣጠሪያ ሁልጊዜ መኪና ያለ እየመሰለው ለባዶ መንገድ ሙሉ አረንጓዴ ይሰጣል።